የተጫዋቾች መለዋወጥና የቡድን ዕድሜ



በሙዚቃ ክበባችን ዘንድሮ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ይኸውም «የአንድ የሙዚቃ ቡድን ተጫዋቾች ተለዋውጠው ስሙ ብቻ ቢቀር፣ ቡድኑ ያው ነው ወይስ ሌላ?» የሚል ነው። ነገሩን ያመጣው «ብላክ ሳባዝ» የሚባለውን የእንግሊዞች ቡድን የሚወድ ጓደኛችን ነው። የሚጫወቱት ሙዚቃ «ሄቪ ሜታል» ይባላል፤ ትርጓሜውም ከባድ ብረት ማለት ነው። (እኛ የጋፋት አገር ልጆች ከባድ ብረት ሲባል የምናስበው ሴባስቶፖልን ስለ ሆነ፣ መሳቃችን አልቀረም።) ይህ ቡድን በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ተቋቋመ፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ዘፋኙ ኦዚ ኦዝቦርን በ1979 ከተሰናበተ በኋላ ብዙ ዘፋኝና ብዙ ከበሮ መቺ ተፈራርቆበታል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይለይ የቈየው ጊታር መቺው ቶኒ አዮሚ ብቻ ነው። በ2025 የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች በበርሚንግሃም ተገናኝተው የስንብት ጨዋታቸውን አሳዩ፤ ኦዚም በዚያው ወር ዐረፈ።

ጓደኛችን «አንድ ሰው እስከ ጸና ድረስ ቡድኑ አለ» ይላል። እኔ ግን የአገራችንን ዋልያስ ባንድ ሳስብ ይህ አሳብ አይዋጥልኝም።

ዋልያስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ተቋቁሞ በሂልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት የተጫወተ ነው። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ መላከ ገብሬ በቤዝ ጊታር፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ ግርማ በየነም በፒያኖና በቅንብር ይሠሩ ነበር። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለ ነበረ፣ እንግዳው እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ቡድኑ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወት ነበር። እንዲህ አብሮ ያደረ ሰው ጓደኛው ቀጥሎ የሚመታውን ሳያየው ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ። በ1977 በወጣው «ቸ በለው» በተባለው ሸክላ ላይ ያለውን «ሙዚቃዊ ስልት» የሰማ ይፍረደኝ።

በ1981 ቡድኑ ለጨዋታ ወደ አሜሪካ ሄደ። ጨዋታው ሲያልቅ ኃይሉ፣ ግርማ፣ መላከና ሞገስ እዚያው ሲቀሩ፣ ሌሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ኃይሉ በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ ለብቻው አንድ ካሴት አወጣ፤ በኋላም በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆነ። በአውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደ ገና ታትሞ ዓለም ዐወቀው፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ ሥራ አቀረበ። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ የጸና ሰው ከየት ይገኛል? ነገር ግን ሥራው የወጣው በራሱ ስም እንጂ በዋልያስ ስም አይደለም። አንድ ሰው ቢጸና ሙያው ይጸናል፤ ቡድን ግን በሰዎች መካከል ያለ ነገር ስለ ሆነ፣ ሰዎቹ ሳያወርሱት ከተበተኑ ይጠፋል።

የጋፋትም ነገር ከዚህ አይርቅም። መድፉ ዛሬም በመቅደላ ይታያል። ከ1868 በኋላ ግን ባለ ሙያዎቹ ስለ ተበተኑ፣ በጋፋት ሁለተኛ መድፍ አልተሠራም።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በክበባችን መሰንቆ ይጫወት የነበረው ተማሪ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆነው፤ መሰንቆው ግን እስከ ዛሬ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አለ። በወላጆች ቀን ያለ መሰንቆ ወጥተን፣ አንድ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ መሰንቆው የት ሄደ?» ቢሉን መልስ አጣን። እኔም ከዚያ ልጅ አልሻልም። ክራር ስደረድር አራት ዓመት ሲሆነኝ፣ ታናናሾቼ ቅኝቱን እንዳሳያቸው ሲለምኑኝ «ቈዩ፣ ኋላ» እያልሁ አሳልፌአለሁ። በልቤም ከእኔ በቀር የሚቃኝ አለመኖሩ ደስ ይለኝ ነበር።

ዘንድሮ ተራው የእኔ ነው፤ ከፈተናው በፊት የቀረኝ ሰባት ሳምንት ነው። ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ማክሰኞና ዓርብ ከትምህርት በኋላ መምጣት ጀምረዋል። ትዝታን ይዘዋል፤ ባቲ ገና ነው፤ አንቺሆዬን ገና አልነካንም። መሰንቆውን የሚያስተምር ሰው በከተማችን የሚያውቅ አንባቢ ቢኖር ለክበባችን ይንገርልን።