ቀለሙ ገና ያልወጣ ዓሣ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ዓሣ ነው። ስለሚጠበሰው እንዳይመስላችሁ፤ ኩሬ ውስጥ ሲዋኝ ከላይ ቆመው ስለሚያዩት፣ ነጭና ቀይ ስለሆነው የጃፓን ኮይ ነው። ዘመዱን ታውቁታላችሁ፤ ከቆቃና ከዝዋይ የሚወጣው ካርፕ ነው። የኒጋታ ተራራማ መንደሮች ገበሬዎች ለበረዶው ወራት ምግብ ይሆነናል ብለው ከሚያረቡት ጥቁር ካርፕ መሐል አልፎ አልፎ ባለ ቀለም ብቅ ሲል፣ እየለዩ አስቀሩት፣ አዳቀሉት። እ.ኤ.አ. በ1914 ቶኪዮ በተካሄደ ኤግዚቢሽን ላይ ሲታይ ስሙ ከመንደሩ ወጣ። በ2018 አንዲት ኮይ በጨረታ 203 ሚሊዮን የን አውጥታለች።

እኔን ዋጋው ብዙም አያስገርመኝም፤ ገንዘብ የተረፈው ሰው ምን የማይገዛው አለ? የሚገርመኝ የአርቢው ዳኝነት ነው። አንዲት ትልቅ እናት ዓሣ በአንድ ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ኩሬው ግን ያው ነው። ስለዚህ ሰውየው ቀለሙ ሳይወጣ መፍረድ አለበት። ሾዋ ከሚባለው ዝርያ (ከእኛው ሸዋ ጋር እንዳይምታታባችሁ) ገና በተፈለፈለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠቆር ያለው ይቀራል፣ የነጣው ይወገዳል። ኮሃኩ፣ ማለትም ነጭ ላይ ቀይ ያለበት፣ ቀለሙ እስኪለይ ሳምንታት ይጠበቃል። ከዚያ ጫጩቶቹ በሳፋ ይቀርቡና በትንሽ መረብ አንድ በአንድ ይለቀማሉ፤ እኛ ምስር እንደምንለቅመው። ይህ እስከ መከር ወራት ደጋግሞ ይደረጋል። መጨረሻ ላይ ከመቶው የሚቀሩት ጥቂት ናቸው።

ይህን ሥራ በቪዲዮ ሳይ የዘጠኝ ዓመቷ የእህቴ ልጅ አጠገቤ ነበረች። «አክስቴ፣ የቀሩትስ የት ይሄዳሉ?» አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት፤ ትንሽ ያደጉት በርካሽ ለግቢ ኩሬ ይሸጣሉ፣ ገና ጭላጭ የሚያክሉት ግን አብዛኞቹ አይኖሩም። «ታዲያ ቆይተው ቢያምሩስ?» ብላ ፊቷን አዞረች። ጥያቄዋ ልክ ነው። የተሻለ መልስ የለኝም፤ አርቢዎቹም ቢሆኑ በየዓመቱ ጥሩ ዓሣ አብሮ እንደሚጣል ያውቃሉ።

ጃፓኖች ታተጎይ የሚሉት ቃል አላቸው። አሁን ያማረ ማለት አይደለም፤ ወደፊት ያምራል ተብሎ የተያዘ ዓሣ ነው። ለማያውቅ ሰው ከጎኑ ያለው ደማቁ ዓሣ ይበልጥበታል። ይህን ቃል ለኬጂ ልጆች ደረጃ ለሚያወጡ ትምህርት ቤቶች ባውሳቸው ደስ ይለኝ ነበር። አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን «17ኛ» የሚል ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ እናቱ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ሳትወርድ የጎረቤት ልጅ ስንተኛ እንደወጣ ትጠይቃለች። አርቢው ቸኩሎ የሚፈርደው ኩሬው ስለጠበበው ነው። እኛን ምን ጠበበን?

ወደ ዓሣችን እንመለስ። ባለሙያው ቀድሞ የሚያየው ቀለሙን ሳይሆን አካሉን ነው፤ ጀርባው ሰፋ ያለ፣ ከራስ እስከ ጅራት ሳይጣመም የወረደ መሆኑን። ቀጥሎ ነጩን ያያል፤ ነጩ ካልጠራ ቀዩ አያምርም። ቀዩን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ገዢ የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። ጣት የምታክል ዓሣ ደም የመሰለ ቀይ ለብሳ፣ ነጥቦቿ በልክ በልክ ተደርድረው ስትታይ ልብ ትሰርቃለች። አርቢው ግን ይጠራጠራል፤ ያ ቀለም ቶሎ ደርሷል፣ ቶሎም ሊያልፍ ይችላል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ቀድመው የሚያምሩት ወንዶቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ እንደ ሴቶቹ ግዙፍ አይሆኑም። እሱ የሚመርጠው የፓፓያ ውስጥ የመሰለ፣ ፈዘዝ ብሎ ግን ወጥ የሆነውን ነው። ቀዩ ጀርባዋን ሊሸፍን ቢደርስ አይከፋውም፤ አካሏ ሲሳብ በመሐል ያለው ነጭ እየሰፋ ስለሚሄድ ዛሬ የተጨናነቀው ነገ ይተነፍሳል። ዛሬ በልክ የሆነው ግን ነገ ተበታትኖ ይታያል። የቀዩ የፊት ጠርዝ ደብዘዝ ማለትም ጉድለት አይደለም፤ ነጩ ቅርፊት ከላይ ስለተደረበበት ነው።

ጥቁሩ ደግሞ ጉድ ነው። በሾዋ ላይ መጀመሪያ ከቆዳ ሥር ሰማያዊ ጥላ ሆኖ ይቀመጣል፣ እንደ በለዘ ቁስል። ያላወቀ ገዢ «ይቺ ቆሽሻለች» ብሎ ያልፋታል። ያ ጥላ ሦስትና አራት ዓመት ቆይቶ፣ ውኃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቀስ እያለ፣ እንደ ቀለም ቀቢ ጥቁር ጥርት ብሎ ይወጣል። አንዳንዱ ወጥቶ ተመልሶ ይሰምጣል። የዚህ ምክንያት ዘሩም፣ ውኃውም፣ ሙቀቱም ነው፤ የኔ ቢጤ ትዕግሥት የሌለው ሰው ሾዋ ባይገዛ ይሻለዋል።

ግቢያችሁ ኩሬ ያላችሁ ካላችሁ፣ ኮይ በመስታወት ጎን አይታችሁ አትግዙ፤ ሳፋ ላይ አስደርጋችሁ ከላይ እዩ፤ ዳኞችም እንዲሁ ነው የሚያዩት። እናትና አባቷን ማየት ከተቻለ ጠይቁ። ሻጩ ቀለም ያወጣል የሚባለውን መኖ ሲያቀርብላችሁም በልክ ይሁን፤ ቀዩን ሲያደምቅ ነጩን ያበልዘዋል።