ሐረር የቸገራት ማረፊያ ሜዳ አይደለም

ድሬ ጠያራ በኦሮምኛ የአውሮፕላን ሜዳ ማለት ነው። «ድሬ» ሜዳ ነው፤ «ጠያራ» ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ የአውሮፕላን ስም። የሐረሪ ክልል ካሉት ሦስት የገጠር ወረዳዎች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ሶፊና ኤረር ናቸው። መንገደኛ የጫነ ጠያራ ግን አያርፍበትም። ወደ ሐረር በአየር የሚመጣ እንግዳ የሚያርፈው ድሬዳዋ፣ አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ኤርፖርት ነው። ከዚያ ደንገጎን ሽቅብ ወጥቶ፣ በሐረማያና በአወዳይ አልፎ፣ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር በመኪና ተጉዞ ጀጎል ይደርሳል።

የዚህ ወረዳ ልጅ ስለሆንኩ በስሙ ብዙ ተቀልዶብኛል። «አቦ፣ ጠያራው መቼ ነው የሚያርፈው?» ይሉኛል። ቀልዱ አይከፋኝም። የሚከፋኝ ከቀልዱ በኋላ የሚከተለው ቁም ነገር ነው፤ «ሐረር እኮ እንግዳ ያጣችው ኤርፖርት ስለሌላት ነው።» ይህን ከባጃጅ ሹፌር እሰማዋለሁ፣ ከባለ ዲግሪ እሰማዋለሁ፣ በርጫ ላይም ስብሰባ ላይም እሰማዋለሁ። እኔ ደግሞ ስህተት ነው እላለሁ፤ ያውም የሚመች ስህተት። ጥፋቱን ሰማይ ላይ ስለሚሰቅለው ምድር ላይ ያለነው ማናችንም አንጠየቅም።

ሰሞኑን አገር ምድሩ የሚያወራው ስለ ወደብ ነውና እኔም በወደብ ላስረዳ። መርከበኛ ወደብ የሚመርጠው በመልኩ አይደለም። ውሃው ጥልቅ ነው ወይ? ከነፋስ ይከልላል ወይ? የሚጠጣ ውሃ ይሞላል ወይ? የተሰበረ የሚጠግን፣ የሚጫንና የሚራገፍ አለ ወይ? ብሎ ነው የሚጠይቀው። እነዚህ ከሌሉ ዳርቻው ሥዕል ቢመስልም ከሩቅ ፎቶ አንስቶ ያልፋል። በዓለም ላይ እያማሩ ጀልባ የማይቆምባቸው ወደቦች አሉ፤ የብዙዎቹ ምስጢር ይኸው ነው።

ሩቅ ሳንሄድ የሐረርን የራሷን ወደብ እንይ። ዘይላ ማለቴ ነው። የሐረር ቡናና ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ባሪያም ጭምር በቅፍለት ወርዶ የሚሻገረው በእሷ ነበር። ኢብን ባጡታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ሲደርስ ከተማዋ በዓሣና በሚታረድ ግመል ደም ሸተተችው፤ ባሕሩ እየተናወጠም መርከቡ ላይ ማደርን መረጠ። ልብ በሉ፤ ከተማዋ እየከረፋችም መርከብ ይመጣላት ነበር፣ ምክንያቱም የሚጫን ነበራት። በኋላ ጅቡቲ ባቡሩን ስታገኝ ጭነቱ ተከትሏት ሄደ። የዘይላ ባሕር ዛሬም እዚያው ነው፣ አልደረቀም። መርከቡ ነው የቀረው።

ባቡሩ ለእኛም ቁስል ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ተራራውን ሽሽት ሐረርን ትቶ ከሥር ቆላው ላይ ቀረ። እዚያ የበቀለችውን ከተማ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» አሏት፤ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ናት። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ያለፈንን ስንቆጥር ኖረናል። ባቡሩ አለፈን፣ ኤርፖርቱ አለፈን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም በድሬዳዋ አለፈ። ሐቅ ነው። ግን ጥያቄዬ ሌላ ነው። በድሬዳዋ በኩል የመጣው እንግዳ ሽቅብ ወጥቶ ጀጎል ከደረሰ በኋላ ለምን በማግስቱ ይወርዳል? መቼም ለማደር ኤርፖርት አያስፈልግም።

መንገዱ ነው እንዳትሉኝ፣ እዚያው መንገድ ላይ አወዳይ አለች። አወዳይን ውብ ናት የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ግንብ የላት፣ ዩኔስኮ አልመዘገባት፣ ኤርፖርትም የላት። ሆኖም የጫት ገበያዋ ሌሊት እንኳ አይተኛም፤ መኪና ይገባል፣ መኪና ይወጣል። ለምን? የሚጫን አላት፤ ገዢው የሚመጣበትን ሰዓት ታውቃለች፤ በዚያ ሰዓት ነቅታ ትጠብቀዋለች። በእኛ አገር እንደ ወደብ የሚሠራ ከተማ አሳየኝ ብትሉኝ የማሳያችሁ እሷን ነው።

አሁን ወደ ጀጎል እንግባ። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 82 መስጊዶችና 102 የዝያራ ቦታዎች ተቆጥረውለታል። ይህ ሁሉ በአርባ ስምንት ሄክታር ውስጥ ነው። እንግዳው ግን ምን ያያል? ማታ ጅብ ሲበላ ያያል። ጠዋት በሁለት በር ገብቶ በሦስተኛው ይወጣል፤ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ፎቶ ይነሳል። ከሰዓት ድሬ ነው። አንድ ሌሊት፣ አንድ ጅብ፣ አንድ ሪል። ይህን አጉል ልማድ የፈጠረው ፈረንጅ አይደለም። እኛው ነን ጠቅልለን የሸጥንለት።

አንዱ መሥሪያ ቤት በር ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ የመጡ ጓደኞቼን ይዤ ሙዚየም ለማሳየት ሄድኩ። ዝግ ነው። ጎረቤት ያለችውን ሱቅ ስንጠይቅ «ቁልፉን የያዘው ሰው ምሳ ሄዷል» አሉን። ዘጠኝ ሰዓት ስንመለስ «ዛሬ አይመለስም» ሆነ። ጓደኞቼ ስቀው ዝም አሉ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም። እነሱን ድሬዳዋ ድረስ አውሮፕላን አምጥቷቸዋል፣ ጀጎል ድረስ ሚኒባስ አምጥቷቸዋል። የቀረው አንድ ሜትር የእኛ ነበር።

ውሃውስ? የሐረማያ ሐይቅ ከሃያ ዓመት በፊት ሲደርቅ ሐረር የምትጠጣው አጣች። ከዚያ በኋላ ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከሐሰሊሶ በረጅም ቧንቧ ውሃ ሽቅብ ይገፋላት ጀመር። ዛሬም በብዙ ቤት ጀሪካን እንደ ወንበር የማይጠፋ ዕቃ ነው። ለመርከበኛ የመጀመሪያው ጥያቄ የሚጠጣ ውሃ ነው ብዬ ነበር። ለእንግዳም እንደዚያው ነው። ገላውን ሳይታጠብ ያደረ ሰው ሁለተኛ ሌሊት አይጨምርም፤ ሌላውም እንዳይመጣ ይነግራል።

አሁን ደግሞ «ኤርፖርት ይሠራ» የሚለውን እስከ መጨረሻው እንከተለው። መካከለኛ ጄት የሚያሳርፍ ሜዳ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ አጥሩ፣ ማቆሚያው፣ መንገዱ ሳይቆጠር። የሐረሪ ክልል በአገሪቱ ካሉት ክልሎች ትንሿ ናት። ታዲያ ያ አስፋልት የሚነጠፈው የማን ማሳ ላይ ነው? ጀጎል ውስጥ አይደለም መቼም። ድሬ ጠያራን በመሰለ ወረዳ ማሽላና ጫት የሚያበቅል ገበሬ መሬት ላይ ነው። ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ መንገድ ሌላ ኤርፖርት እያለ፣ የገበሬን መሬት ወስደን እንግዳውን አንድ ሰዓት ብናፈጥንለት ምን ይሆናል? ጅቡን ቶሎ አይቶ ቶሎ ይሄዳል። የአንድ ሌሊቷን ሐረር ግማሽ ቀን እናደርጋታለን።

ኤርፖርት ብቻውን እንግዳ እንደማያቆይ ላሊበላ ታስረዳለች። ኤርፖርት አላት፣ ዓለም የሚያውቃቸው አብያተ ክርስቲያናትም አሏት። እ.ኤ.አ. በ2020 የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ግን እንግዳው ጠፋ፤ አስጎብኚው፣ ባለ አልጋው፣ በቅሎ የሚያከራየው ሁሉ ባዶ እጁን ቀረ። እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቃለሁ፦ «ዋናው ሰላም ነው።» ልክ ነው፤ ሰላም ከሌለ የምጽፈው ሁሉ ውሃ በላው። ግን ሰላም በነበረባቸው ዓመታትስ? ያኔም ጅቡን አይቶ ነው የሚወርደው። ሰላም እንግዳውን ያመጣዋል እንጂ አያሳድረውም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 በሯ ለአውሮፓዊ ዝግ የነበረችውን ሐረር ነፍሱን ይዞ ገባባት፤ አሥር ቀን ቆየ። እርግጥ አሚሩ እስኪያሰናብተው ነው የጠበቀው፤ ቢሆንም አሥር ቀን ነው። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ሲመጣ ቱሪስት አልነበረም። ኤደን ላይ ያለ ንግድ ቤት ቡናና ቆዳ እንዲገዛለት የላከው ተቀጣሪ ነበር፤ እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1891 ድረስ ከሐረር አልተላቀቀም። ዛሬ «የራምቦ ቤት» ብለን የምናስጎበኘው ያማረ ፎቅ ከእሱ በኋላ የተሠራ የህንድ ነጋዴ ቤት ነው። ያልኖረበትን ቤት እናሳያለን፤ እዚህ ድረስ ያመጣውን ቡና ግን ከማሳው እስከ ሲኒው የሚያሳይ ሰው ስንት ነው? ያ ቡና ደግሞ በሐረርጌ በጫት እየተነቀለ ነው።

ስለ እንግዳ የምንተርተው ተረት አለ፦ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። ለቤት እንግዳ ይሆን ይሆናል። ለከተማ ግን ተረቱ ይገለበጣል። በመጀመሪያው ቀን እንግዳው ለመኪናና ለጅብ ነው የሚከፍለው። በሁለተኛው ቀን ስፌት ከምትሰፋዋ ሴት ዘንድ ቁጭ ይላል፣ ዋጋ ይጠይቃል። በሦስተኛው ቀን ነው ከከተማ የሚወጣው። አርጎባዎች የድንጋይ ቤት የሠሩባት ቆረሚ አለች። የባቢሌ የግመል ገበያ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የተከለለው የዝሆን መጠለያም አለ። የዳካታ ሸለቆ ድንጋዮች አሉ፣ ቁንዱዶ ተራራ አለ። ገንዘቡ ወደ ገጠሩ፣ ወደ እኛ የሚደርሰው ያን ቀን ነው። ሦስተኛ ቀን ከሌለ ለገጠሩ ቱሪዝም ማለት በመስኮት አይቶት የሚያልፍ መኪና ነው።

ማቆየት እንደምንችል ደግሞ ራሳችን አሳይተናል። ሹዋሊድን ተመልከቱ። በሸዋል ወር ስድስቱ ቀን ከተጾመ በኋላ የሚከበረው ይህ በዓል እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በዚያ ሰሞን ዘመዱም እንግዳውም ከያለበት ይሰበሰባል፤ ማንም ጅብ አይቶ ልሂድ አይልም። ኤርፖርቱ ያኔም ድሬዳዋ ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፦ ከተማዋ ቀኑን ቆርጣ፣ በሯን ከፍታ፣ ነቅታ ትጠብቃለች። ልክ እንደ አወዳይ።

ስለዚህ ክርክሩን እንቀይረው። በየሪፖርቱ «ይህን ያህል ጎብኚ መጣ» አትበሉን፤ ስንት ሌሊት አደረ በሉን። ሙዚየሞቹ የሚከፈቱበት ሰዓት በር ላይ ይለጠፍ፤ ያ ሰዓትም ይከበር። ጀጎል ውስጥ ጥቂት ነባር ጌ ጋሮች እንግዳ ያሳድራሉ፤ እንግዳው ነደባው ላይ ቁጭ ብሎ ቡናውን ይጠጣል። እነዚያ ቤቶች እንዲበዙ ለባለቤቶቻቸው ብድርና የማይቋረጥ ውሃ ይሰጣቸው። የገጠሩ ወጣት ከጀጎሉ ወጣት እኩል አስጎብኚ ሆኖ ይሰልጥን። ኮሪደሩ ግድግዳውንና መንገዱን አሳምሮታል፤ ጥሩ ነው። ግን ግድግዳ የሚያምረው ለሚያልፈውም ነው፤ የሚያድረው የሚፈልገው ሌላ ነው።

እናንተም ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከውጭ የምትመጡ እኩዮቼ፣ ለጅቡ ብቻ አትምጡ። ጅቡ የትም አይሄድም፣ በየማታው አለ። ትኬት ስትቆርጡ መመለሻውን ሦስት ቀን ግፉት፤ ስትመጡም አልጋ የያዛችሁበትን ሰው «በሦስተኛው ቀን የት ትወስዱናላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካጣ ደጋግማችሁ ጠይቁት። ይህ ጥያቄ በየሆቴሉ በር ላይ በየቀኑ ቢጠየቅ፣ መልሱን ለማዘጋጀት የሚሯሯጥ ሰው አይጠፋም። ከድሬ ጠያራ እኔ አለሁ።