ሕግ በሽተኛውን ይወቀው

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ስሙ ሲጠራ ብዙ ሰው ፊቱን የሚያጠቁርበት ነውና፥ እስከ መጨረሻው ሳታነቡ እንዳትፈርዱብኝ አደራ እላለሁ። ነገሩ «አደንዛዥ ዕፅ» የሚባለው ነው። ሱስን ላሞግስ የተነሣሁ እንዳይመስላችሁ፤ የምናገረው ስለ በሽተኛ ነው።

እስቲ ወደ ዋግ ኽምራ እንሂድ። አንዲት እናት የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጇን ይዛ ከዝቋላ ቆላ ወደ ሰቆጣ፥ ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል መጣች እንበል። ሐኪሙ ፌኖባርቢታል የተባለውን ክኒን ያዝለታል። ክኒኑ የቆየና ዋጋው ቀላል ነው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። ልጁ በድንገት ቢያቋርጠው በሽታው በርትቶ ይነሣበታል፤ ምድጃ አጠገብ ቢጥለው እሳት፥ ወንዝ ዳር ቢጥለው ውኃ ይጠብቀዋል። እንግዲህ እናቲቱ ክኒኑን በመቀነቷ ቋጥራ ስትመለስ፥ ፈታሽ አስቁሞ «ይህ ምንድን ነው?» ቢላት ምን ትመልሳለች? አፏን የፈታችው በኽምጣኛ ነው፤ የሐኪሙ ማዘዣ መድኃኒት ቤት ቀርቷል፤ በዕቃው ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ከሕግ ውጭ የሚያመርተውንና የሚነግደውን ይቀጣል። ይህ ተገቢ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ለሕክምና የሚውለውን ቁጥጥር ይመለከታል። ሕጉ በሽተኛን ላሳድድ አላለም። ሆኖም የበሽተኛው መብት ሕግ ዐዋቂ ብቻ ተርጉሞ የሚያገኘው ከሆነ፥ አዲስ አበባ ላይ ይጠቅም እንደ ሆነ እንጂ ለዝቋላዋ እናት ምን ይፈይዳል?

ሌላው ዓለም የሠራውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት ራሱ፥ እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን ለማስታገስ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውን በመግቢያው ተቀብሏል። ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ልዩ ሥልጠና ያገኙ ነርሶች ለካንሰር ሕሙማን ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ፈቀደች፤ ሐኪም በማይደርስበት ገጠር የሚሠቃይ ሰው ዕረፍት ያገኝ ዘንድ ነው።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ካናቢስም ቢሆን ከምርመራ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሌሶቶ ለሕክምና እንዲመረት ፈቃድ ሰጠች። በ2018 አሜሪካ ከዚሁ ተክል የሚወጣና የማያሰክር መድኃኒት በከባድ የሚጥል በሽታ ለሚሠቃዩ ልጆች አጸደቀች። በታኅሣሥ 2020 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን 27 ለ25 በሆነ ድምፅ ካናቢስን እጅግ አደገኛ ከተባሉት ዝርዝር አወጣው፤ ቁጥጥሩ ግን አልቀረም። በአገራችን ካናቢስ ለሕክምናም አልተፈቀደም፤ እኔም ሐኪሞች ሳይመረምሩት በችኰላ ይፈቀድ አልልም።

የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ በሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት የያዘ በሽተኛ፥ እንደ ሥርዐቱ ያዘዘለትም ባለሙያ እንደማይከሰሱ ሕጉ በግልጥ አንቀጽ ይናገር። ሁለተኛ፥ በሽተኛው የመድኃኒቱ ስምና መጠን በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈበት፥ ማኅተም ያረፈበት ካርድ ይሰጠው። ሦስተኛ፥ ጥቅሙ በምርመራ የተረጋገጠ አዲስ መድኃኒት፥ ከካናቢስ የወጣም ቢሆን፥ በፈቃድና በቁጥጥር የሚገባበት በር በሕግ ይከፈት።

ካርዱ ይሸጣል፥ ይጭበረበራል የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ መታወቂያም ይጭበረበራል፤ ስለዚህ መታወቂያ ይቅር ያለ ግን የለም። መዝገብ በጥንቃቄ ከተያዘ ነጋዴውን ከበሽተኛው መለየት አያቅትም።

ውድ አንባቢያን፤ ከእናንተ አንዱ ነገ ኬላ ላይ ይቆማል፤ ሌላው የመድኃኒት መጋዘን ቁልፍ ይይዛል፤ ሌላው ረቂቅ ሕግ ይጽፋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። መድኃኒቱን ፈርቶ የሚደብቅ በሽተኛ ግን ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ያስፈራነው እኛ ነን። እንግዲህ ያቺ እናት በፊታችሁ ስትቆም፥ መቀነቷን ከማስፈታታችሁ በፊት ልጇ እንዴት እንዳደረ ጠይቋት።