ስምዎን ለማናውቀው ባለውለታችን

ይድረስ ለተከበሩ ጃፓናዊ ታማሚ፤

ስለ እርስዎ የምናውቀው ጥቂት ነው፦ ጃፓናዊ እንደነበሩ፣ ዕድሜዎ 57 እንደነበረና ጉበትዎን ካንሰር እንደያዘው። ደብዳቤው እንደማይደርስዎ ባውቅም፣ ውለታን ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነውና ጻፍኩልዎ።

ናካባያሺና ሳቶ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ከዕጢዎ የተወሰዱ ሴሎችን በላቦራቶሪ አራቧቸው፤ ስማቸውንም ሁህ-7 አሉት። ጤነኛ የጉበት ሴል ከሰውነት ከወጣ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ጠባዩን ለውጦ ይሞታል። የእርስዎ ሴሎች ግን የካንሰር ነበሩና መራባታቸውን አላቆሙም። እርስዎን የጎዳው ያ መራባት ለሌላው መዳኛ ሆነ።

ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ በ1989 ቢታወቅም በላቦራቶሪ አልራባ ብሎ ተመራማሪዎችን አስቸግሮ ነበር። በ1999 በጀርመኗ ማይንዝ ከተማ ፎልከር ሎማንና ራልፍ ባርተንሽላገር የተባሉ ተመራማሪዎች መላ አገኙለት። የቫይረሱን አርኤንኤ አሳጥረው፣ ሴልን ከአንቲባዮቲክ የሚያድን ዘረ መል ጨምረው ወደ እርስዎ ሴሎች አስገቡት። ከዚያ ሴል የሚገድለውን አንቲባዮቲክ ጨመሩ። አብዛኞቹ አለቁ፤ የተረፉት ጥቂቶች አርኤንኤው በውስጣቸው የሚባዛባቸው ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ውህዶችን በሴል ላይ መፈተሽ ተቻለ፤ ዳክላታስቪር የተባለው መድኃኒት የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ተመራማሪው ቻርልስ ራይስና ባልደረቦቹ ከሴሎችዎ ቫይረሱን ይበልጥ የሚቀበል ሁህ-7.5 የተባለ ዘር አወጡ። በ2005 ደግሞ ታካጂ ዋኪታና ባልደረቦቹ ከሌላ ጃፓናዊ ታማሚ የተገኘውን ቫይረስ በእርስዎ ሴሎች ውስጥ ሙሉ በሙሉ አራቡት።

ቀድሞ ታማሚው እስከ 48 ሳምንት ኢንተርፌሮን የተባለ መድኃኒት እየተወጋ፣ በትኩሳትና በድካም ተንገላትቶ፣ የሚድነው ግማሽ ያህሉ ነበር። ዛሬ ከ8 እስከ 12 ሳምንት የሚዋጥ ክኒን ከመቶው ከ95 በላይ የሚሆነውን ያድናል። በ2020 ራይስ ከሃርቪ አልተርና ከማይክል ሆውተን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ይገባቸዋል፤ ለእርስዎም ምስጋና ይገባዎታል።

ለአንባቢዎቼም አንድ ቃል አለኝ። በአገራችን የጉበት በሽታ ሲባል ብዙ ሰው የዓይን ቢጫ መሆንን ይጠብቃል። ሄፓታይተስ ሲ ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ጉበትን ይጎዳል። መድኃኒቱ ያለው በሽታ ሳይታወቅ ሰው እንዳይገድል፣ እባካችሁ ደማችሁን ተመርመሩ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር