የማኘክ ጉልበት ወዴት ይሄዳል?

የፊዚክስ መምህር ስለ ጥርስ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በአፋችን ውስጥ በየዕለቱ የሚከናወነው ሥራ የመጫን፣ የመጉበጥና የመሸከም ጉዳይ ነው። ጤናማ ሰው በመንጋጋ ጥርሶቹ አጥብቆ ሲነክስ የሚያሳርፈው ጉልበት ከ500 ኒውተን ሊበልጥ ይችላል፤ ይኸውም 50 ኪሎ ግራም ጤፍ የያዘ ጆንያ ክብደት ነው። ስለዚህ የወለቀ ጥርስ ምትክ ሲመረጥ፣ ከዋጋውና ከመልኩ አስቀድሞ ይህ ጉልበት በየት አልፎ ምን ላይ እንደሚያርፍ መጠየቅ ይገባል ባይ ነኝ።

የተፈጥሮ ጥርስ በአጥንቱ ውስጥ እንደ ምስማር የተመታ አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የጅማት ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን ግፊቱን ያለዝባል፤ ከምግብ ጋር የገባች ጠጠርንም ወዲያው ለአንጎል ያሳውቃል። ጥርሱ ሲወልቅ ሽፋኑም አብሮ ይጠፋል። ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ጉልበቱን በአብዛኛው የሚያሳርፈው በድድ ላይ ነው፤ ድድ ደግሞ ለዚህ ሸክም አልተፈጠረም። ጥርሶቹ ሁሉ አልቀው በተነቃይ የሚያኝክ ሰው ብዙውን ጊዜ ከመንከስ ጉልበቱ ሩብ ገደማ ብቻ የሚቀርለት ለዚህ ነው።

በተለምዶ ብሪጅ የሚባለው ድልድይ ሸክሙን ወደ ጎረቤት ጥርሶች ያሻግራል። መካኒክስ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በሁለት ጫፉ የተደገፈ አግዳሚ ሲጫን የሚጎብጠው በርዝመቱ ኩብ ልክ ነው። የአንድ ጥርስ ክፍተት የሁለት ቢሆን፣ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ መጉበጡ 8 እጥፍ ያድጋል። ለእኔ ግን ከስሌቱ ይልቅ የሚከብደው ድልድዩን ለማቆም ሁለት ጤነኛ ጥርሶች ዙሪያቸውን መሞረዳቸው ነው። ኤናሜልን የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ከድድ ሲወጣ ስለሚጠፉ፣ የተሞረደው ዳግም አይበቅልም።

እ.ኤ.አ. በ1952 ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ የደም ዝውውርን ለመመልከት በጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባውን የታይታኒየም መሣሪያ ሊያወጣ ሲሞክር፣ አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ አገኘው። በ1965 ደግሞ በዚሁ መንገድ የመጀመሪያውን ታካሚ አከመ። ዛሬ ኢምፕላንት የምንለው ይህን የታይታኒየም ብሎን ነው። ጎረቤቶቹን አይነካም፤ ጉልበቱንም በቀጥታ ለአጥንቱ ያደርሳል። አጥንት ደግሞ ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 እንዳብራራው በሚሸከመው ልክ ራሱን የሚያድስ አካል ነው።

ታዲያ ዋጋው ከተገኘ ኢምፕላንት ይሻላል ብሎ መደምደም ይቻላልን? ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ብዙዎቹ መልሱ ገና ነው። በኳስ ሜዳ የፊት ጥርሱን ያጣ የ15 ዓመት ተማሪ መንጋጋው አላደገም። ጎረቤት ጥርሶች ከአጥንቱ ዕድገት ጋር ሲንቀሳቀሱ፣ ከአጥንት የተጣበቀው ብሎን ባለበት ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላም ምትኩ ጥርስ አጥሮ ይታያል።

በእኔ እምነት ለወጣት የሚመረጠው፣ ነገ ሌላ ምርጫ እንዳይኖር በር የማይዘጋው መንገድ ነው። በጓደኞች ዘንድ የሚያሳፍረው ተነቃይ ጥርስ ከዚህ አንጻር ብልህ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ከጎረቤት ጥርስ ጀርባ በቀጭን ክንፍ የሚጣበቀው ድልድይም እንዲሁ ነው፤ የሚሞረደው እጅግ ጥቂት ነው። በነገራችን ላይ፣ የፊት ጥርስ ሲተካ ባለ አንድ ክንፉ ከባለ ሁለቱ ይልቅ ሳይላቀቅ እንደሚቆይ ታይቷል። ሁለት ጥርሶች ሲታኘክ በየራሳቸው ስለሚነቃነቁ፣ አንድ ላይ የታሰሩ እንደሆነ ማጣበቂያውን ይጎትቱታል።

መጠበቅ ግን ያለ ዋጋ አይደለም። ጥርስ የወለቀበት አጥንት ሸክሙን ሲያጣ ይሳሳል፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከስፋቱ ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙን «መቼ?» ብሎ መጠየቅ «የትኛውን?» ከማለት እኩል ያስፈልጋል። ክፍተቱ በስተኋላ ያለ መንጋጋ ጥርስ ከሆነ ደግሞ «የግድ መተካት አለበትን?» የሚለውም ይታከልበት፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በኔዘርላንድስ የተደረጉ ጥናቶች የመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶች የሌሏቸው ብዙ ሰዎች ያለ ችግር እያኘኩ እንደሚኖሩ አሳይተዋል።