ዝም ያለ ኤርባግ

ያለ እንከን ሃያ ዓመት የሄደ ሆንዳ አኮርድ ራሱን አስመስክሯል፤ ስለዚህ ሪኮል የሚባለው የአምራቹ የጥገና ጥሪ አያሳስብም የሚለው አስተያየት ነገሩን ገልብጦ ያየዋል። በ2001 እና በ2002 ሞዴሎች መሪ ውስጥ ያለው የታካታ ኩባንያ ኤርባግ የሚነፋው በአሞኒየም ናይትሬት ነው። ይህ ኬሚካል እርጥበትና የሙቀት መፈራረቅ ለዓመታት ሲያገኘው ይጎዳል። በግጭት ጊዜ ከልክ በላይ ፈጥኖ ይነድና የታሸገበትን ብረት ይበጣጥሳል፤ ፍንጣሪው ጨርቁን ቀዶ የሾፌሩ አንገትና ፊት ላይ ያርፋል። እርጅናው ራሱ የአደጋው ምክንያት ነው።

የባለቤቶች ቅሬታ አለመኖሩም ማስረጃ አይሆንም። የዚያ ትውልድ አኮርድ ባለቤቶች አብዝተው ያማረሩት በአውቶማቲክ ካምቢዮው ነበር፤ ማርሽ ሲንሸራተት ይታወቃላ! የተበላሸ የኤርባግ መንፊያ ግን የዳሽቦርድ መብራት እንኳ አያበራም።

የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረገው ሙከራ፣ ከእነዚህ መንፊያዎች አንዳንዶቹ በግጭት ጊዜ የመፈንዳት ዕድላቸው እስከ 50 በመቶ ደርሷል። የመኪኖቹ ባለቤቶችም ወደ ጥገና ካልሆነ በቀር እንዳይነዱ መክሯል። ቅያሪው በነፃ ነው፤ የሚጠየቀው በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ግርጌ የሚነበበው፣ ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት ባለ 17 ምልክት የሻንሲ ቁጥር ብቻ ነው።