ቄራ ላይ የተወገደው ጉበት ለገበሬው ይነገረው

በበዓል ሰሞን ቄራ የዋለ ሰው ያውቀዋል። የሥጋ ምርመራ ባለሙያው የበሬውን ጉበት ሲሰነጥቅ ከሐሞት ቱቦው ቅጠል የመሰሉ ጠፍጣፋ ትሎች ይወጣሉ። ጉበቱ ይወገዳል፣ ነጋዴው ያዝናል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። በሬውን ያሳደገው ገበሬ ግን ወሬውን አይሰማም። ትሉ የመጣው ደግሞ እሱ ከብቱን ከሚያሰማራበት ረግረግ ነው።

በክልላችን ከብት ሲከሳና ጸጉሩ ሲቆም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገንዲ ነው። በዓባይና በዳቡስ ገባሮች ዳር የገንዲ ዝንብ ስላለ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ሆኖም የገንዲ መርፌ ተወግቶ ያልተሻለው፣ በተለይም ከመንጋጋው ሥር ያበጠ ከብት የጉበት ትል ሊኖርበት ይችላል። እበቱን ሳያስመረምሩ ሁለተኛ መርፌ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

የጉበት ትል ከከብት ወደ ከብት በቀጥታ አይተላለፍም። እንቁላሉ ከእበት ጋር ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል። እጩ ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ ውሃ ዳር ባለ ሣር ላይ ይለጠፋል። ከብቱ ከሣሩ ጋር ይውጠዋል። ሰውም ከእንዲህ ያለ ውሃ ዳር የለቀመውን ቅጠል ጥሬውን ከበላ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ረግረጉን ማጠርና ከብቱን ከገንዳ ማጠጣት ከመድኃኒት አያንስም።

መድኃኒቱም ጊዜ አለው። አልቤንዳዞል የሚገድለው የጎለመሰውን ትል ነው፤ የተዋጠው እጭ ለመጎልመስ ሁለት ወር ተኩልና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። በነሐሴ የተዋጠው በመስከረም በተሰጠ እንክብል አይሞትም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ታኅሣሥ ገደማ መስጠት ይሻላል። ትሪክላቤንዳዞል ለጋውንም ይገድላል፤ መጠኑን ግን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይወስን።

ከብቱ በሁለትና ሦስት ነጋዴ እጅ ስለሚያልፍ መነሻው ይጠፋል የሚል ክርክር ይነሳ ይሆናል። ቢያንስ የተገዛበትን ገበያ ነጋዴው ያውቃል። ቄራው ይህን ከተወገደው ጉበት ጋር መዝግቦ ለወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ቢያስተላልፍ፣ ክሊኒኩ የትኛውን ቀበሌ ቀድሞ እንደሚመረምር ያውቃል። ወጪው አንድ መዝገብና አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

የተወገደውን ጉበት ለውሻ መወርወርም ይቅር። የጉበት ትል በዚህ መንገድ ባይተላለፍም፣ ጉበት ላይ የሚገኘው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሌላ ትል ነው፤ ውሻ ከበላው በኋላ እንቁላሉ ከውሻው ወደ ሰው ይሻገራል። ጉበቱ ይቃጠል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር።